የመጤው ምስጋናና የመሐንዲሱ ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች ንግግር እንዳደርግ ሲጋብዙኝ ርእሱን እኔው እንድመርጥ ፈቅደውልኝ ነበር። ከዚህ መድረክ ላይ ስለ ኮንክሪት ጥራት፣ ስለ ውል አስተዳደርና ስለ መንገድ ጥገና የተደረጉትን ጠቃሚ ንግግሮች ሁላችንም እናስታውሳለን። እኔ የመረጥሁት ጉዳይ ግን በመጀመሪያ ሲታይ ከሙያችን ራቅ ያለ ይመስላል። ይኸውም «ከተወለደበት ቀዬ ተነሥቶ በሌላ አገር ወይም በሌላ ከተማ የሚኖር ሰው፣ ባደረበት ሥፍራ የዕለት ኑሮ ደስ የሚያሰኘው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ስለ ስደት ሲነሣ ዘወትር የምንሰማው ናፍቆቱንና እንግልቱን ነው። እንግልቱ እውነት ስለ ሆነ ማንም አይክደውም። ሆኖም ሰው በደረሰበት አገር ዓመታት ሲያስቆጥር የሚኖረው በናፍቆት ብቻ አይደለም፤ የሚወደውም፣ የሚያመሰግነውም፣ ለዘመዱ የሚያወራውም ነገር አለው። ይህ ምስጋና ለእኛ ለመሐንዲሶች ከፍ ያለ ትምህርት የያዘ ነው ብዬ አምናለሁ። ነባሩ ነዋሪ የለመደውን ነገር አያየውም። ቧንቧው ውኃ ሲሰጥ አያመሰግንም፤ ሲደርቅ ግን ይቆጣል። መጤው ግን ሁለት ቦታ ስለሚያውቅ ያመዛዝናል። አንዱን ከሌላው ጋር አስተያይቶ «ይህስ መልካም ነው» ሲል የሚሰጠው ፍርድ፣ እኛ በቢሮ ተቀምጠን ከምናዘጋጀው የአገልግሎት ግምገማ ብዙ ጊዜ የበለጠ ክብደት አለው።

«መጤ» የሚለውን ቃል የምጠቀመው በንቀት እንዳልሆነ አስቀድሜ እንድገልጽ ይፈቀድልኝ። አዲስ አበባ ራሷ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በሚበልጠው ዕድሜዋ ያደገችው ከየአቅጣጫው በመጡ ሰዎች ነው። ከጉራጌ፣ ከጋሞ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከወለጋና ከሸዋ ገጠሮች የመጡት ብቻ ሳይሆኑ፣ አርመኑም፣ ግሪኩም፣ የመናዊውም እዚህ ቤት ሠርተው ልጆች አሳድገዋል። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡትን ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ ማለት «አርባ ልጆች» የሚባሉትን የሙዚቃ ጓድ፣ የማያውቅ የለም። በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከልም ራሱ ወይም አያቱ መጤ ያልሆነ ሰው በብዛት የሚገኝ አይመስለኝም።

ንግግሬ የሚያተኩረው በከተማችን ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ በሚገኘው በቆሼ ሠፈር ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን በባሕር ማዶ ስላሉት ወገኖቻችን ጥቂት እላለሁ። እነርሱ የሚያመሰግኑትና የቆሼ ነዋሪ የሚያመሰግነው ጎን ለጎን ሲቀመጥ የአንዱ ጉድለት በሌላው ይታያልና።

ሀ. በባሕር ማዶ የሚመሰገነው

ከ1966 ዓ.ም. በፊት ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ኢትዮጵያዊ በአብዛኛው ለትምህርት ሄዶ የሚመለስ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እጅግ ብዙ ሕዝብ በሱዳን፣ በኬንያና በጅቡቲ በኩል እየወጣ በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በስዊድን፣ በጀርመንና በሌሎችም አገሮች ሠፍሯል። ዛሬ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከኢትዮጵያ ውጭ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት።

ከእነዚህ ወገኖች መካከል ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማውቃቸው አሉ። ለዕረፍት ሲመጡ «እዚያ ምን ደስ ይላችኋል?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። መልሳቸው ስለ ረጃጅም ሕንፃዎች ወይም ስለ ሰፋፊ ጎዳናዎች ሆኖ አያውቅም። በስቶክሆልም የሚኖረው «የቆሻሻ መኪናው ማክሰኞ ጧት ይመጣል ከተባለ ማክሰኞ ጧት ይመጣል» አለኝ። አንዲት የክፍላችን ተማሪ የነበረች እኅት ደግሞ አውቶቡሱ የሚደርስበት ሰዓት በፌርማታው ላይ ተጽፎ መገኘቱን፣ እርሷም ከቤቷ የምትወጣበትን ደቂቃ በዚያ ልክ መቁጠሯን ነገረችኝ። ሌላው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ የወረፋ ቁጥር ቆርጦ፣ ማንንም ሳያውቅና ማንም ሳያውቀው ጉዳዩን ጨርሶ መውጣቱን እንደ ትልቅ ነገር ያወራል። ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ ሳያፈሉ መጠጣትን የማያነሣ የለም።

እነዚህን መልሶች በሙያ ዓይን ስንመረምራቸው የሚያመሳስላቸው አንድ ጠባይ አለ፤ እርሱም መደበኛነት ነው። የሚመሰገነው ውኃው መኖሩ ብቻ ሳይሆን ነገም እንደሚኖር አስቀድሞ መታወቁ ነው። ነገ ውኃ እንደሚኖር የሚያውቅ ሰው ጀሪካን አይደረድርም፤ ሌሊት ተነሥቶ ቧንቧ አያዳምጥም፤ ሐሳቡን ለሥራው፣ ጉልበቱን ለልጁ ያውላል። እንግዲህ አንድ የውኃ መሥመር ሲዘረጋ ለሰው የሚሰጠው ውኃውን ብቻ አይደለም፤ ጊዜውንና የአእምሮ ዕረፍቱንም ይመልስለታል።

የእነዚሁ ወገኖች ንግግር ግን በምስጋና አያበቃም። «ጎረቤቴን ሦስት ዓመት ሙሉ በሰላምታ ብቻ ነው የማውቀው» ይላሉ። ቡና አፍልቶ የሚጠራ፣ ሲታመሙ በር የሚያንኳኳ የለም። ከዚህም የተነሣ በየደረሱበት ከተማ መጀመሪያ ከሚያቋቁሟቸው ነገሮች አንዱ እድር ነው። በአጭሩ፣ አገልግሎቱን ያመሰግናሉ፤ ጉርብትናውን ይናፍቃሉ።

ይህ ሁሉ ለሁሉም ስደተኛ የሚሆን እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም። በመካከለኛው ምሥራቅ በቤት ሠራተኝነት ተቀጥረው የሚኖሩት እኅቶቻችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የታሠረ በመሆኑ፣ የከተማውን መልካም ነገር ከመስኮት በቀር የማያዩበት ጊዜ ብዙ ነው። መንገዱና መብራቱ ቢኖርም በነፃነት የማይጠቀሙበት ከሆነ ለነዋሪው እንዳለ አይቆጠርም።

ለ. ወደ ዘነበወርቅና ወደ ቆሼ የመጡት

አሁን ወደ ገዛ ከተማችን ልመለስ። በ1920ዎቹ ዓመታት፣ ያን ጊዜ ከከተማው ዳርቻ በነበረው በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚሆን ሆስፒታል ተቋቋመ። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ስለ ተጠራ ሠፈሩም እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይባላል። በዚያን ዘመን ለበሽታው አስተማማኝ መድኃኒት አልነበረም። ሕመሙ የታየበት ሰው ከማዕድ ይለያል፤ ከትዳሩ ይፈናቀላል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከበጌምድር፣ ከሸዋ ብዙ ቀን በእግር ተጉዞ ወደዚህ ሆስፒታል ይመጣል። ታክሞ ሲሻለውም የሚመለስበት ቤት ስለማይኖረው በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ይቀልሳል። በዚህ ሁኔታ አንድ ሙሉ መንደር ተመሠረተ።

በ1958 ዓ.ም. በዚሁ ሥፍራ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ማለት ዛሬ ሁላችንም አለርት የምንለው ተቋም ተመሠረተ። በ1960ዎቹ መጀመሪያም የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አጠገቡ ተቋቋመ። ተቋሙ የተጠራው የበሽታውን ተሐዋሲ እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው በኖርዌያዊው ሐኪም ስም ነው። ከእ.ኤ.አ. 1981 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ባጸደቀው የተቀናጀ መድኃኒት በሽታው በወራት የሚድን ሆነ። ይሁን እንጂ መንደሩ አልፈረሰም። ልጆች ተወልደውበታል፤ የልጅ ልጆችም እንዲሁ።

የከተማው የቆሻሻ መጣያ ከዚሁ አካባቢ የተተከለው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ሥፍራው በካርታ ላይ ረጲ ይባል እንጂ ሕዝቡ ከቆሻሻ ስም ወስዶ «ቆሼ» አለው። የከተማው ማእከል ሊያያቸው ያልፈለጋቸው ሁለት ነገሮች፣ የታመመውና የተጣለው፣ በአንድ ጥግ ጎን ለጎን ተቀመጡ ማለት ነው። ከተማው ግን ዝም ብሎ አልቆመም። እየሰፋ ሄዶ ያን ዳርቻ ከበበው፤ ቀለበት መንገዱም በአጠገቡ አለፈ። በሌላ ሠፈር የቤት ኪራይ ያልቻለ፣ ከገጠር አዲስ የመጣ፣ ቤቱ በልማት የፈረሰበት ሁሉ ወደ ክምሩ ግርጌ ተጠጋ።

ሐ. በቆሼ የሚወደደው

የቆሼን ነዋሪ «እዚህ ምን ደስ ይልሃል?» ብሎ መጠየቅ ፌዝ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን በሥራ ምክንያት በአካባቢው በተመላለስሁበት ጊዜ ጠይቄአለሁ፤ መልስ ያጣ ሰውም አልገጠመኝም። የሰማሁትን በአራት ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛው ሥራ ነው። ከገጠር የመጣ ሰው በከተማ ሥራ ሲፈልግ መታወቂያ ይጠየቃል፤ መታወቂያ ለማውጣት ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል፤ ከዚያም ዋስ አምጣ ይባላል። በቆሼ ግን ጧት መንጠቆውን ይዞ ወደ ክምሩ የወጣ ሰው ማታ ገንዘብ ይዞ ይገባል። ብረቱ፣ መዳቡ፣ ጠርሙሱ፣ «ሃይላንድ» የምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ዋጋ አለው። ዕቃው በገዢዎች እጅ አልፎ ከቁራሌው ሸቀጥ ጋር ወደ መርካቶ ይደርሳል፤ በምናለሽ ተራ ምድጃና ማጭድ፣ ባልዲና ማንቆርቆሪያ ሆኖ ተመልሶ ይሸጣል። በስዊድን ባዶ ጠርሙስ ለመለሰ ሰው መያዣው ይመለስለታል፤ ሥርዓቱም በሕግ የቆመ ነው። በእኛ አገር ይህንኑ ሥራ ያለ ጓንት፣ ያለ ጫማና ያለ ሕግ የሠሩት የቆሼ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ሐኪም ቤቱና ከእርሱ ጋር የተገኘው ክብር ነው። ከጎጃም በልጅነቷ ታማ የመጣች አንዲት አረጋዊት እናት «እዚህ እጄን ከነጠላዬ ውስጥ አልሸሽግም» ብለውኛል። በዚህ ሠፈር ጣት የጎደለው ሰው ቡና ሲቀዳ አይን የሚያፈጥ የለም። ሕመም ቢያገረሽ፣ ቁስል ቢፈጠር፣ የሚያውቃቸው ሐኪም በእግር መንገድ ይገኛል። ለእኒህ እናት የአለርት በር ርቀት በሜትር የሚለካ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የኑሮአቸው መሠረት ነው።

ሦስተኛው ጉርብትና ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን ተረት እዚህ ሠፈር የሚተርተው ሰው ከልቡ ነው፤ ዘመዱ ሩቅ ነውና። ከየብሔረሰቡና ከየሃይማኖቱ የመጣው ሁሉ በአንድ እድር ይቀብራል፤ በአንድ እቁብ ይቆጥባል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልቁ ድስት የጋራ ነው። ልጅ የወለደች እናት ገንፎዋን የሚያገነፋላት አታጣም።

አራተኛው ልጆቹ ናቸው። ከተማ ገብቶ ራሱ ያልተማረ ሰው ልጁን ዩኒፎርም አልብሶ ሲልክ የሚሰማውን ደስታ ለመግለጽ ቃል አያንሰውም። አንድ አባት «እኔ ከክምሩ ላይ መጽሐፍ አገኛለሁ፤ እርሱ ያነብበዋል» አለኝ።

ይህን ስዘረዝር ኑሮው ደስ ያሰኛል ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ሽታው አለ፤ ሌት ተቀን የሚጤሰው ጭስ አለ፤ መርፌና ስባሪ ጠርሙስ አለ፤ ከክምሩ የሚወርደው ጥቁር ፍሳሽ አለ። ነዋሪው ይህን ሁሉ ያውቃል። አውቆ አመዛዝኖ የመረጠው ግን ሥራውን፣ ሐኪሙን፣ ጎረቤቱንና የልጁን ትምህርት ነው። በባሕር ማዶ ያለው ወገናችን አገልግሎቱን አግኝቶ ጉርብትናውን ሲያጣ፣ የቆሼው መጤ ጉርብትናውን አግኝቶ አገልግሎቱን አጣ። ማክሰኞ ጧት ሳይዘገይ መጣ ተብሎ የሚመሰገነው የቆሻሻ መኪና ጉዞው የሚያልቅበት ቦታ በየትም ከተማ መኖሩ አይቀርም። በአዲስ አበባ ያ ቦታ የሰው ደጃፍ ነበር።

መ. መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.

ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ ክምሩ ተንዶ በግርጌው የነበሩትን ቤቶች ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ከ110 በላይ ወገኖቻችን አለቁ፤ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን አወጀ። ኀዘኑን ሁላችንም ስለምናስታውሰው በዝርዝር መተረክ አያስፈልግም። ለእኛ የሚያስፈልገው ትምህርቱን መያዝ ነው።

የቆሻሻ ክምር እንደ አፈር ክምር ሁሉ የሚገዛበት ሕግ አለው። የጎኑ ተዳፋት በጣም ቀጥ ሲል፣ ቁመቱ ሲጨምር፣ በውስጡ የታጨቀው ውኃ መውጫ ሲያጣ፣ የታችኛው ንብርብር መንሸራተትን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። የእኛ ከተማ ቆሻሻ ደግሞ አብዛኛው የወጥ ቤት ተረፈ ምርት በመሆኑ እርጥብ ነው። አየር በማያገኝበት ሲበሰብስ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙም መውጫ ካልተሠራለት በውስጥ ግፊት ይፈጥራል፤ እሳትም ያነሣል። በታቀደ መጣያ ቆሻሻው በንብርብር ይጠቀጠቃል፤ አፈር ይለብሳል፤ ለፍሳሹና ለጋዙ ቧንቧ ይዘረጋል፤ የተዳፋቱም ልክ ይወሰናል። ያለ ዕቅድ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲከመርበት በኖረ ሥፍራ ይህ ሁሉ አልነበረም።

ተመሳሳይ አደጋ በሌሎችም አገሮች ደርሷል። በፊሊፒንስ፣ በማኒላ አጠገብ በምትገኘው በኬሶን ከተማ፣ የፓያታስ ክምር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 2000 ከብርቱ ዝናብ በኋላ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ። በኢንዶኔዥያ፣ በባንዱንግ አቅራቢያ፣ የልዊጋጃህ ክምር እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 2005 ከ140 በላይ ሰዎች ፈጀ። ከቆሼ አደጋ አንድ ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 2017፣ በስሪላንካ፣ በኮሎምቦ አቅራቢያ የሚገኘው የሚቶታሙላ ክምር በአዲስ ዓመት በዓላቸው ዕለት ተንዶ 30 ያህል ሰዎች ሞቱ። የፓያታስ ነዋሪዎች በአብዛኛው ከጠቅላይ ግዛቶች ወደ ማኒላ የፈለሱ ድኾች ነበሩ። በክምሩ አጠገብ የነበረው መንደራቸው ስም «ሉፓንግ ፓንጋኮ» ይባላል፤ ትርጉሙም «የተስፋ ምድር» ማለት ነው። ይህን ስም ሰምቶ የሚስቅ ሰው ቢኖር፣ መንደሩን የሰየሙትን ሰዎች ምርጫ አልተረዳም።

ከእንዲህ ያለው አደጋ በኋላ ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለምን እዚያ ሠፈሩ?» የሚል። መልሱን ከላይ ሰጥቻለሁ። የሠፈሩት ማመዛዘን ስላልቻሉ አይደለም። ሽታውን በአፍንጫቸው፣ ጭሱን በዓይናቸው መዝነውታል። በአፍንጫና በዓይን የማይመዘነው የተዳፋቱ ጽናት ነው። አንድ ክምር በሚቀጥለው ክረምት ይቆማል ወይስ ይንሸራተታል የሚለውን ማወቅ የሚችለው የለካና ያሰላ ሰው ነው። ስለዚህ ነዋሪው በበኩሉ ሊያውቅ የሚችለውን ሁሉ አውቆ ነበር። ሳይነገረው የቀረው የሙያው ድርሻ ነው። ጥያቄው «ለምን ሠፈሩ?» መሆኑ ቀርቶ «ማን ለካ? ለማንስ ነገረ?» መሆን አለበት።

ሠ. ከዚያ በፊትና ከዚያ ወዲህ

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከአደጋው አሥር ዓመት ቀድሞ ወጥቷል። በሰንዳፋ የተሠራው አዲስ መጣያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም፣ የአካባቢው ገበሬዎች ባሰሙት ተቃውሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ተዘግቶ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። ገበሬዎቹ ውኃቸውንና ከብታቸውን ማሰባቸው ተገቢ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ መጣያን ከአንዱ ደጃፍ አንሥቶ በሌላው ደጃፍ ማስቀመጥ መፍትሔ አለመሆኑን ነው።

ከአደጋው በኋላ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታሰበ ሲሆን፣ እርጥብ ቆሻሻን አቃጥሎ ኃይል ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለባለሙያዎቹ ማስረዳት አያሻኝም። ደግሞም በጃፓን መንግሥት ርዳታና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም አማካይነት፣ የፉኩኦካ ዘዴ የተባለው አሠራር በቆሼ ተሞክሯል። ይህ ዘዴ በ1960ዎቹ በፉኩኦካ ከተማና በዚያው በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የተፈጠረ ነው። በክምሩ ግርጌ ትልልቅ ቧንቧዎች ይዘረጋሉ፤ ፍሳሹ በእነርሱ ይወጣል፤ አየሩም በእነርሱ ይገባል። አየር ሲገባ የሚቴኑ መጠን ይቀንሳል፤ ክምሩም ቶሎ ይረጋል። ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ በአገር ውስጥ ዕቃ ሊሠራ የሚችል በመሆኑ ለማኅበራችን አባሎች በተለይ የሚስማማ ነው።

ሌላው ጉዳይ የነዋሪዎቹ መዛወር ነው። ከአደጋው ቀጠና መነሣታቸው ግዴታ ነበር፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ወዴትና እንዴት በሚለው ላይ ነው። አንድ ቤተሰብ ከክምሩ ግርጌ ተነሥቶ በከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲገባ፣ ግድግዳው የማይንድ፣ ቧንቧው በቤት ውስጥ የሆነ፣ መጸዳጃው የግል የሆነ ቤት ያገኛል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አለርት ሁለትና ሦስት ታክሲ ይርቃል፤ ዕቃ የሚገዛው ነጋዴ አይገኝም፤ እድሩ በየብሎኩ ተበትኖ ይፈርሳል። እንዲህ ሲሆን በባሕር ማዶ ያለው ወገናችን የሚያዝንበትን ጉድለት በገዛ ከተማችን ለድኻው ፈጠርንለት ማለት ነው። አንዳንዱም ቤቱን አከራይቶ ወደ ቀድሞው ሠፈር ይመለሳል። እኛም «ልማት አይወድም» እንለዋለን። እርሱ ግን የሚወደውን በደንብ ያውቃል፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ።

ረ. ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ

ከዚህ በመነሣት ለጉባኤው አራት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

1ኛ. በማንኛውም የማዛወር ሥራ ላይ የምንሳተፍ አባሎች፣ የመሬት ቅየሳ ከመጀመራችን በፊት ነዋሪው የሚወደውን እንመዝግብ። የሥራው ቦታ፣ ሐኪሙ፣ ትምህርት ቤቱና እድሩ የት እንደሆነ በካርታ ላይ እንደ ውኃ መሥመርና እንደ መብራት ምሰሶ ይመልከት። በወረቀት ያልተጻፈ ነገር በዲዛይን ውስጥ ቦታ እንደማያገኝ ሁላችንም እናውቃለን።

2ኛ. በአንድ እድር ያሉ ቤተሰቦች ሲዛወሩ በአንድነት እንዲዛወሩ እንምከር። የብሎክ ድልድሉ በዕጣ ብቻ ሲሆን ጉርብትና ይፈርሳል። ዕጣው በግለሰብ ሳይሆን በቡድን ቢወጣ ግን የኮንክሪቱ ዋጋ አንድ ሳንቲም አይጨምርም።

3ኛ. ማኅበራችን የቆሼን ክምርና በየክልሉ ከተማ ያሉትን መሰሎቹን የሚከታተል ቋሚ ኮሚቴ ያቋቁም። የተዳፋቱ ልክ፣ የጋዙ መጠን፣ የመሬቱ እንቅስቃሴ በየጊዜው ይለካ። ውጤቱም ለአስተዳደሩ ብቻ ሳይሆን በአቅራቢያው ለሚኖረው ሕዝብ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነገር። መሣሪያው በዩኒቨርሲቲዎቻችን አለ፤ ሙያውም በእናንተ ዘንድ አለ።

4ኛ. አዲስ መጣያም ሆነ ማቃጠያ ስናቅድ፣ ቆሻሻ በመልቀም ለሚተዳደሩት ሰዎች በዲዛይኑ ውስጥ ቦታ እንስጣቸው። መለያ ጠረጴዛ፣ ጣሪያ፣ ውኃ፣ ጓንትና ጫማ ያለው የመለያ ቦታ መሥራት ከባድ ሥራ አይደለም። በየሠፈሩ ቆሻሻ በጋሪ የሚሰበስቡት ማኅበራት በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው እንደሚሠሩ ሁሉ፣ ለቃሚዎቹም ሊደራጁ ይችላሉ። እነርሱ የሚያወጡት እያንዳንዱ ኪሎ ፕላስቲክና ብረት ክምሩን በአንድ ኪሎ ያሳንሰዋል።

ክቡር ሊቀ መንበር፣

ይህ ሁሉ ሥራ ከተማችንን ወደ ስቶክሆልም ወይም ወደ ዋሽንግተን አይለውጣትም፤ መለወጡም አያስፈልግም። በባሕር ማዶ ያሉት የሚያመሰግኑትን መደበኛነት የቆሼው መጤ ከሚያመሰግነው ጉርብትና ጋር በአንድ ሠፈር ማገናኘት ግን ይቻላል። ቧንቧው የሚታመንበት፣ መኪናው በቀኑ የሚመጣበት፣ እድሩም ያልፈረሰበት ሠፈር መሥራት ከአቅማችን በላይ አይደለም። እንዲህ ያለ ሠፈር ሲሠራ ከጎጃምም ሆነ ከጋሞ አዲስ የመጣው ሰው ለዘመዱ የሚጽፈው ደብዳቤ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም።

3ኛው ሐሳቤ በዛሬው ጉባኤ ድምፅ እንዲሰጥበት፣ ኮሚቴውም ቢቋቋም የመጀመሪያውን የልኬት ውጤት በሚመጣው ዓመት ጉባኤ ላይ እንዲያቀርብ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በበኩሌ ከተዳፋቱ ልኬት ሥራ ጋር የሚሄደውን ድርሻዬን ለመውሰድ ዝግጁ ነኝ።